ውሃ ጠግባ «ጠማኝ» የምትል መኪና

መኪና ዋሽቷችሁ ያውቃል? ውሸቱን አምናችሁስ ሳምንት ሙሉ እንደ ሎሌ ታዛችሁት ታውቃላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። የገጠመኝን ደግሞ ካልነገርኳችሁ አልችልም፤ አስተማሪ ነኛ! አስተማሪ አንድ ነገር ከገባው ለሌላ ሰው ሳያስረዳ ምሳ አይወርድለትም። እዚህ ካምፓላ የሚያውቁኝ ሐበሾች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ የሚሻገሩት ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባችሁ አልቀረም።

መኪናዬ ከማስተምራቸው ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ጃፓን ተወልዳ፣ እዚያው አርጅታ፣ ለጡረታ ካምፓላ የመጣች ናት። የቡኮቶን ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ልጅነቷ ይመለስባታል። በቀረው ጨዋ ናት። ያን ሰኞ ጠዋት ግን ገና ሳስነሳት ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ መብራት በራ። ማዕበል ውስጥ የቆመ ቴርሞሜትር ይመስላል። የመመሪያ መጽሐፏን ፈልጌ አገኘሁ፤ በጃፓንኛ ነው። ሥዕሉን ከሥዕል አመሳስዬ ግን ትርጉሙን ደረስኩበት፦ የራዲያተር ውሃ ጎድሏል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። (አጭር ነው። እውነቴን ነው።) ከራዲያተሩ ጎን ትርፍ ውሃ የምትይዝ የፕላስቲክ ታኒካ አለች። ሰውነቷ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሮባታል፤ ውሃው በሁለቱ መስመሮች መካከል ከሆነ ሰላም ነው። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ውሃው ላይኛው መስመር ላይ ነው። ተመልሼ መብራቱን አየሁ፤ በርቷል። ታኒካዋን አየሁ፤ ሙሉ ናት። እንዲህ እየተመላለስኩ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ አለፈ።

እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ደብተር አውጥቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀን፣ የውሃው ልክ፣ መብራቱ። ሰኞ፦ ሙሉ፣ በርቷል። ማክሰኞ፦ ሙሉ፣ በርቷል። ረቡዕ፦ ሙሉ፣ በርቷል። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይዞ «ከዚህ ምንም መደምደም አልቻልኩም» ቢለኝ ወላጅ አስጠራው ነበር። እኔ ግን በየማለዳው ሠንጠረዡን በጥንቃቄ ሞልቼ፣ እርሳሱን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ እጨምር ነበር! የጨመርኩት ሁሉ በትርፍ ማስወጫ ቱቦዋ ተንቆርቁሮ ግቢውን ጭቃ አደረገው። አከራዬ በመስኮት አይተው፣ «ማስተር፣ መኪናህን ሐኪም ቤት ውሰዳት። ሽንት መቋጠር አቅቷታል» አሉኝ።

ለምን መብራቱን አመንኩ? ብዙ አስቤበታለሁ። ምናልባት ቀይ ስለሆነ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚውል ሰው ቀይ ነገር ይሳሳታል ብሎ አያስብም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያ ሳምንት ተራ ሳምንት አልነበረም፤ ቅዳሜ ሽማግሌ የምልክበት ሳምንት ነበር። የምወዳት ልጅ ሰናይት ትባላለች፤ ናካሴሮ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ አቶ ጌታቸው እዚያው ናካሴሮ ገበያ እህል ይነግዳሉ። ሽማግሌዎቼ አንድ ጊዜ ሄደው ነበር፤ እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን መልስ የለም፤ «እንማከርበት፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሱ» ተባሉ። ዘጠኝ ሰዓት በእኛም በአገሬው በሉጋንዳ ቋንቋም አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ነውና ተሳስቼ ነው የሚባል ነገር የለም። አቶ ጌታቸው ደግሞ ሲሸኟቸው በሩ ላይ፣ «እሁድ ማለዳ ለንግድ ጁባ እሄዳለሁ፤ መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ዘጠኝ ካለፈ ሐሳባችሁን እንደቀየራችሁ እቆጥረዋለሁ» ብለዋል። እኚህ ሰው አንድ ደቂቃ የዘገየ የጭነት መኪና እህሉን እንደጫነ የሚመልሱ ናቸው።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ታፈሰ ቡኮቶ ምግብ ቤት አላቸው፤ የተጣላ ባልና ሚስት ካላስታረቁ ቀኑ የባከነ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ ሱቅ አላቸው፤ ከጋሽ ታፈሰ ጋር ሳይተራረቡ የዋሉበት ቀን የለም። ሦስተኛው አቶ መኮንን አይናገሩም። ቁመታቸውና ሽበታቸው ይናገራል። የተመረጡትም ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሄዱት በታክሲ ነበር። ጋሽ ታፈሰ የሰው ዶሮ አቅፈው ተጉዘው ነጭ ነጠላቸው ላይ የዶሮዋ ማስታወሻ ቀርቶባቸዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን የማደርሳቸው እኔ ሆንኩ። ልጅ ጠያቂው ሽማግሌዎቹ ባሉበት አይታይምና ከቤቱ ራቅ ብዬ ጥጉ ላይ አወርዳቸውና እደበቃለሁ። ዕቅዴ ይሄ ነው። በወረቀት ጽፌዋለሁ።

ከቡኮቶ ስምንት ሰዓት ተነሳን። የእነሰናይት ቤት እስካለበት እስከ ኪዋቱሌ አንድ ሰዓት ሙሉ አለን። ንቲንዳ ስንደርስ ግን መንገዱ ተቆለፈ፤ ፀሐዩ ይጋረፋል፤ መብራቱ ደግሞ ብቻውን መሆን ሰልችቶት ድምፅ ጨመረ። ቲን! ቲን! ቲን!

«ይሄ ነገር ምን እያለ ነው?» አሉ ጋሽ ታፈሰ ከፊት ወንበር።

«ውሃ አለቀብኝ እያለች ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አታጠጣትም? ለማኝ እንኳ ሦስቴ ጮኾ ይሄዳል!» አሉ ሐጂ ከኋላ።

«ጠዋት አጠጥቻታለሁ።»

«ጠዋት የበላህ እንደሆነ ማታ አትበላም? የወሎ መኪና ብትሆን ይሄኔ ጥላህ ሄዳለች።»

ቲን! ቲን! ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሞተሩ መንገድ ላይ ቢፈላ፣ ሰናይትን ጁባ ድረስ ሄጄ ልጠይቅ ነው! ዳር ይዤ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ወርደው ጥላው ውስጥ ገቡ። እዚያው ተራ የሚጠብቁ ቦዳ የሚባሉ የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ቀና ብለው አዩን።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ታኒካዋን አላየሁም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። አየኋት። ሙሉ ናት። ግን ቲን! ይላል። የውሃ ጠርሙሴን ባነሳ ባዶ ነው፤ ጠዋት ጨርሼዋለሁ። ሮጬ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ብከፍት አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጣለች፤ ጥርት ያለ ውሃ ሞልቷታል። «ተመስገን!» አልኩ። ታኒካዋ ውስጥ አንቆረቆርኩት። ሞልቶ ፈሰሰ። ጫማዬን አራሰው። ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ ማፍሰሴን ቀጠልኩ። የጀሪካኗ የመጨረሻ ጠብታ ቱቦ ለቱቦ ወርዳ የንቲንዳ ቦይ ውስጥ ስትገባ ቀና ብል፣ ጋሽ ታፈሰ ከፊቴ ቆመዋል። ፊታቸው እንደ ነጠላቸው ነጭ ሆኗል።

«ያን ጀሪካን… ከየት አመጣኸው?»

«ከኋላ፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት እንዴ የጫኑት? እግዜር ይስጥልኝ፤ ደረሱልኝ!»

«ጸበል ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ምን?»

«ጸበል ነው አንተ ልጅ! እህቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችው! ወይዘሮ አስናቀች ለጉልበቷ ዓመት ሙሉ ላኩልኝ ስትል የኖረችው! ይዘንላት ገብተን ልቧን እናራራለን ብለን…» አልጨረሱትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ወይዘሮ አስናቀች የሰናይት እናት ናቸው። የመኪናዬ የፊት መከላከያ ላይ ተቀመጥኩ። የአማቴን ጸበል ለመኪና አጠጥቻለሁ። ያውም ጠግባ ላልፈለገች መኪና!

ቲን! አለች መኪናዋ።

በዚህ ጊዜ ሐጂ ይማም ዛፉን ተደግፈው ይንቀጠቀጡ ጀመር። የታመሙ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። እንባቸውን ጠርገው፣ «ታፈሰ፣ ጸበሉም ካላስለቀቀው ይሄ ነገር ጋኔን አይደለም ማለት ነው!» አሉ።

ቆይ! ቆይ! ሐጂ የተናገሩት ቀልድ አልነበረም፤ የሳይንስ ድምዳሜ ነበር! ውሃ አፍስሼ አፍስሼ በታኒካዋ አፍ ሞልቶ ፈስሶ እንኳ መብራቱ ካልጠፋ፣ የመብራቱ ችግር ውሃ አይደለም። ሳምንት ሙሉ ሠንጠረዤ የጮኸልኝ ይሄንኑ ነበር። ዘልዬ ተነሳሁ።

ጋሽ ታፈሰም በንዴት መሃል የሽምግልና ልማዳቸው መጣባቸው መሰለኝ፣ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። «ከሳሹ ማነው?» አሉ።

«መብራቱ።»

«ምን ብሎ ነው የከሰሰ?»

«ውሃ የለም ብሎ።»

«ተከሳሿ ታኒካ ናት። ይኸው በዓይናችን ያየናት፣ ሙሉ ናት። ሌላ ምስክር አለ?»

«የሙቀት መለኪያው መርፌ አለ፣ ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ መሃል ላይ ነው፤ ሞተሩ አልጋለም።» ይሄን ስናገር እኔው ራሴ ደነገጥኩ። መርፌውን ለካ ሳምንት ሙሉ ቃሉን አልጠየቅሁትም!

«እንዲህ ከሆነ ሁለቱ አልተጣሉም» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስታርቅ አንድ ነገር አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ስታነጋግራቸው ሁለቱም ደህና ሰዎች ከሆኑ፣ መሃላቸው ወሬ የሚያመላልስ አለ። እሱን ፈልግልኝ። ከታኒካዋ ወደ መብራቱ ወሬ የሚያደርሰው ማነው?»

«ሴንሰሩ! የውሃውን ልክ የሚናገረው!» ብዬ ጮኽኩ። ቦዳ ነጂዎቹ ሁሉ ተነሱ።

አሁን እባካችሁ አንድ ደቂቃ ስጡኝ፤ ይሄ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው! ታኒካዋ ውስጥ ማግኔት ያለባት ትንሽ ተንሳፋፊ አለች። ውሃ ሲኖር ከፍ ትልና ሁለት ሽቦ ታገናኛለች፤ መብራቱ ዝም ይላል። ውሃ ሲጎድል ትወርዳለች፤ ሽቦዎቹ ይለያያሉ፤ መብራቱ ይጮኻል። ታዲያ ያቺ ተንሳፋፊ አርጅታ፣ ዝገትና አተላ ይዟት ታች ተጣብቃ ብትቀርስ? ውሃ ውስጥ ሰጥማ «ውሃ የለም» ትላለች!

ግን ይሄ ገና ግምት ነው። ሽቦውም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ግምት ደግሞ ይፈተናል። ከታኒካዋ ሥር የሴንሰሩን ሶኬት ነቀልኩ፤ ሁለት ቀዳዳ አለው። ቦርሳዬን ከፍቼ የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀቶች ከተያያዙበት አንድ አግራፍ አወጣሁ፤ ቀጥ አድርጌ እንደ ፈረስ ኮቴ አጠፍኩት። «አቶ መኮንን፣ እባክዎ መሪው ጋ ተቀምጠው መብራቱን ይዩልኝ። አይንኩ፣ ማየት ብቻ!» አልኩ። አቶ መኮንን በሙሉ ግርማ ሞገሳቸው ገብተው ተቀመጡ። አግራፉን ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰካሁ።

ቲን የለም። ጸጥ አለ።

«ጠፋ!» አሉ አቶ መኮንን።

ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎርናና ነው። ጋሽ ታፈሰና ሐጂ ተቃቀፉ። እኔማ ዘለልኩ! ሽቦው ደህና ነው፤ ውሸታሙ ሴንሰሩ ነው! ቦዳ ነጂዎቹ ከበቡኝና አንዱ፣ «ማስተር፣ እንዴት አደረግከው?» አለኝ።

ይሄን ጥያቄ አስተማሪን መጠየቅ አደገኛ ነው። እንጨት አንስቼ አቧራው ላይ ታኒካ ሳልኩ። ተንሳፋፊዋን ሳልኩ። ሁለቱን ሽቦ ሳልኩ። ማግኔት ምን እንደሆነ ከመሠረቱ ጀመርኩ። አንዱን ጥያቄ ጠይቄው በትክክል ሲመልስልኝ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገርኩ። ስልኬ ሲጮኽ ገና የዑደትን ትርጉም እያጻፍኳቸው ነበር።

ሰናይት ናት። «የት ናችሁ?»

«ሰኒዬ! አገኘሁት! ተንሳፋፊዋ ናት!»

«ምኗ? አንተ፣ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው! አባባ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው። የት ናችሁ?»

«ን… ንቲንዳ።»

በጣም በቀስታ፣ «እያስተማርክ ነው አይደል?» አለችኝ።

መንገዱን አየሁ። መኪናው ሁሉ እንደ ቆመ ነው። ሽማግሌዎቹን አየሁ። ቦዳዎቹን አየሁ። ሐጂ ይማም የማየውን አይተው፣ «አይሆንም!» አሉ። አቶ መኮንን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው አንዱ ቦዳ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። ሰውየው ንግግር ብቻ ነው የማይወዱት። «ሙዜ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ!» አላቸው ነጂው፣ ያው አሁን አቧራው ላይ ያስተማርኩት ወጣት፤ «ሽማግሌው» ማለቱ ነው። ሦስት ቦዳ በመኪኖቹ መሃል ተሽሎክልኮ ወጣ፤ ሁለት ነጠላና የሐጂ ጀለቢያ እንደ ሸራ ተነፉ። «ታፈሰ፣ ዶሮዋ ትሻልህ ነበር!» የሚል የሐጂ ድምፅ ከሩቅ መጣ።

እኔ ብቻዬን በመኪናዬ እየተሳብኩ ኪዋቱሌ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። አንድ የበቆሎ ወፍጮ ጀርባ አቁሜ አጎንብሼ ተደበቅሁ። ስልኬ ጮኸ።

«ግባ» አለች ሰናይት በሹክሹክታ።

«ማን፣ እኔ? አይደረግም እኮ! አልደረሱም እንዴ?»

«ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ግን ጋሽ ታፈሰ ሽማግሌ አይዋሽም ብለው የጸበሉን ነገር ተናገሩ። እማማ ተነስታ ጓዳ ገባች። አባባ ‹ከሁሉ በፊት ጥፋተኛው ይምጣ› አለ። እንደምንም ጫማህን ጥረገው።»

ጫማዬ በጸበል እንደራሰ ገባሁ። ሦስቱም ሽማግሌዎች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ለልጅ ጥያቄ የገባ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። አቶ ጌታቸው ሶፋው ላይ ናቸው። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

«ለምን አፈሰስከው?» አሉኝ።

ይቅርታ ብቻ ልል ነበር። አፌ ግን ታውቃላችሁ። ከሠንጠረዡ ጀምሬ እስከ አግራፉ ድረስ አንድ ሳልዘል ነገርኳቸው። ተንሳፋፊዋን በእጄ አሳየሁ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ «አግራፉ አሁን የት ነው?» አሉ።

«እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ነው፣ ጋሼ። መብራቱ ጠፍቷል!» አልኩ በኩራት።

«ነገ ውሃው የእውነት ቢያልቅስ?»

«እ…?»

«ነገ ውሃው የእውነት ቢያልቅ፣ አግራፍህ ‹ሰላም ነው› ይልሃል። ማን ይነግርሃል? የሚጮኽብህን ዝም አሰኝተህ፣ አስተካከልኩ ብለህ ነው የመጣኸው?»

ከፈተና ሁሉ የሚከፋው መልሱን የምታውቀውና ያልጻፍከው ነው።

«ልክ ነዎት» አልኩ። «አግራፉ መፈተኛ እንጂ መጠገኛ አይደለም። አሁን ሄጄ አወጣዋለሁ፤ ይጩኽ። ሰኞ ሌላ ሴንሰር ፈልጌ እቀይራለሁ። እስከዚያ ኮፈኑን በየማለዳው ከፍቼ ውሃውን በዓይኔ አያለሁ።»

«በየማለዳው?»

«በየማለዳው።»

«እንግዲያው ሂድና አውጣው» አሉ አቶ ጌታቸው።

ሮጥኩ። ከወፍጮው ጀርባ ኮፈኑን ከፍቼ አግራፉን መዘዝኩ፤ ቁልፉን ባዞር ቲን! አለች። እንደዚያ ቀን ጩኸቷ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየሮጥኩ ተመለስኩና በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። ጋሽ ታፈሰ ተቀምጠዋል። ሐጂ ይማም ተቀምጠዋል። አቶ መኮንን ተቀምጠው እግራቸውን አነባብረዋል።

ወይዘሮ አስናቀች ከጓዳ እያነከሱ ወጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጸበሌን የጠጣችው መኪናህ ናት» አሉ። «እንግዲህ ጉልበቴ እስኪሻለው በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰኝ እሷ ናት።»

«ሹፌሩስ፣ እመቤት?» አሉ ሐጂ።

«ሹፌሩንማ አብረን ነው የወሰድነው።»

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ (የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ ይሄን አስምሩበት!)፣ ኮፈኑን ክፈቱና ታኒካዋን እዩ። የእውነት ጎድላ ከሆነ መብራቱን አመስግኑና ጨምሩላት፤ ወዴት እንደሚፈስም ፈልጉ። ሙሉ ሆና መብራቱ ከበራ ግን ታኒካዋን በጣታችሁ መታ መታ አድርጓት፤ አንዳንዴ ተንሳፋፊዋ ከተጣበቀችበት ትነሳለች። እምቢ ካለች ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሁለቱን ቀዳዳ በአግራፍ አገናኙ፤ መብራቱ ከጠፋ ሴንሰሩን ቀይሩ፤ ካልጠፋ ሽቦውን ተከታተሉ። በአንዳንድ መኪና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሶኬቱ ሲነቀል ነው መብራቱ የሚጠፋው፤ እሱንም ሞክሩት። መኪና ውስጥ ተቀምጦ «ጠፋ!» የሚላችሁ ሰው ብቻ አዘጋጁ፤ ብቻችሁን ስትሆኑ ደስታው ግማሽ ነው። ስትጨርሱም አግራፉን አውጡ። እስቲ ሞክሩት!